ከመጻጉዕ እስከ ገብር ኄር፤ ሕመም አብሮት የሚኖር ሰውና ሥራው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በአገራችን ሰውና ሰው ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠያየቀው ስለ ጤና ነው። «ጤና ይስጥልኝ» እንባባላለን፤ «እንደምን ሰነበታችሁ?» ብለን እንጠይቃለን፤ የሚመለስልንም «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ነው። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጥያቄውም መልሱም ከአፍ አልፎ ወደ ልብ ሳይወርድ ይቀራል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ያለን ወንድም ያን ዕለት መድኃኒቱን የሚገዛበት ገንዘብ አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎት ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙን ቢናገር እንጀራውን እንዳያጣ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን መልሱን በቅጡ ሳንሰማ ወደ ሌላ ጨዋታ እንሻገራለን።

ዛሬ ልንጽፍላችሁ የተነሣነው ስለዚህ ነገር ነው። ይኸውም በአንድ ቀን የማይድን፣ ዓመት ከዓመት አብሮ የሚኖር ሕመም ያለበት ሰው ስለ ጤናውና ስለ ሥራው እንዴት ያስባል? እኛስ ስለ እርሱ እንዴት ልናስብ ይገባናል? የሚል ነው። ርእሱን የመረጥነው ዕውቀት ስላለን ሳይሆን አጥፍተን ስለ ተማርንበት ነው።

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት በዓል መዝሙር ስንለማመድ ከበሮ የሚመታ አንድ ወንድም ነበረን። ቀን ብየዳ ቤት ይሠራል፤ ማታ ወደ ልምምድ ይመጣል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ማርፈድ አበዛ። አንዳንድ ቀንም መዝሙሩ ሳያልቅ ከበሮውን አስቀምጦ ይወጣ ነበር። ከእኛ መካከል «ዓለም ሳበው» ያልን ነበርን፤ «ሰነፈ» ያልንም ነበርን። በመጨረሻም በስብሰባ መካከል አቁመን ምክንያቱን እንዲያስረዳ ጠየቅነው። አንገቱን ደፍቶ «አጥፍቻለሁ፤ ዳግመኛ አይሆንም» ብቻ አለ። እውነትም ከዚያ ወዲህ አላረፈደም። እኛም ተግሣጻችን ፍሬ አፈራ ብለን ደስ አለን።

በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል ከበሮ ከመታ በኋላ ላብ አጠመቀው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ንግግሩም ተሳሰረ። ከዚያም ከግድግዳው ሥር ተዝለፍልፎ ተቀመጠ። አንዳንዶቻችን መንፈስ ነው ብለን ጮኽን፤ አንዱ ጠበል ሊያመጣ ሮጠ። ነርስነት የምትማር እኅታችን ግን ቦርሳውን ብትከፍት መርፌና የኢንሱሊን ብልቃጥ አገኘች። መዋጥ ይችል ስለ ነበር ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣችው፤ ትንሽ ቆይቶም ነፍሱ ተመለሰለት። ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ የተናገረው ቃል ግን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። «እባካችሁ ለአሠሪዬ እንዳትነግሩብኝ» አለን።

የስኳር ሕመም ከያዘው ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። መርፌውን የሚወጋው መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ ነው። ቀድሞ ያረፍድ የነበረው መርፌውን ከወሰደ በኋላ እራቱን በልቶ ስለሚመጣ ነበር፤ አቋርጦ ይወጣ የነበረውም ስኳሩ ሲወርድ ስለሚታወቀው ነው። እኛ ከገሠጽነው ወዲህ ግን መርፌውን ወግቶ እራቱን ሳይበላ እየሮጠ ይመጣ ጀመር። ኢንሱሊን የወሰደ ሰው በሰዓቱ ካልበላና በዚያም ላይ ጉልበት ካፈሰሰ ስኳሩ እጅግ ይወርዳል፤ ይህም ለሞት ሊያደርስ የሚችል ነው። እንግዲህ ያ ፍሬ አፈራ ያልነው ተግሣጻችን ወንድማችንን ሊገድለው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር።

በቤታቸው የሰማነው

ይህ ከሆነ በኋላ ዐቢይ ጾም ገባ። እኛም ከመጻጉዕ ሰንበት እስከ ገብር ኄር ሰንበት ባሉት ሁለት ሳምንታት በአጥቢያችን የሚኖሩ ሕሙማንን በየቤታቸው ልንጠይቅ ተስማማን። የሄድነው ልናስተምር ሳይሆን ልንሰማ ነበር። ከሰማነው ሦስቱን ብቻ እንነግራችኋለን።

አንዲት ልብስ ሰፊ እናት የደም ግፊት አለባቸው። ከመኪናቸው ሳይነሡ፣ እግራቸው ከመርገጫው ሳይወርድ አነጋገሩን። «እትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» ስንላቸው «ልጆቼ፣ ይኸው እሰፋ የለ? የሚሰፋ ሰው አልታመመም» አሉን። ክኒናቸውን የሚውጡት ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነው። ለእርሳቸው ጤና ማለት ሥራ መሥራት ነው፤ እጃቸው ከተንቀሳቀሰ ሕመሙ የለም። የደም ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳ ሕመም ነው። መድኃኒቱም የሚሠራው ሐኪም እንዳዘዘው በየቀኑ ሲወሰድ ነው። እርሳቸው ይህን ሳይነገራቸው ቀርቶ አይደለም። ነገር ግን ክኒኑን በየቀኑ መዋጥ «ታምሜያለሁ» ብሎ ማመን ይመስላቸዋል፤ ታመሙ ማለትም ልጆቻቸው የሚበሉት የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው አንድ አባት ናቸው። ከገጠር ልጃቸው ዘንድ መጥተው ተቀምጠዋል። ሁለቱም እግሮቻቸው በዝሆኔ አብጠዋል። «ገበሬ ማሳ ካልረገጠ ምኑን ሰው ሆነ? እኔ አሁን የቤት ዕቃ ነኝ» አሉን። ቤተ ክርስቲያን መምጣትም ትተዋል፤ ሰው ከአጠገባቸው ፈቅ ሲል አይተው በቅጥሩ ውጭ ቆመው ተሳልመው ይመለሱ ነበር፤ ኋላም እርሱን ተዉት። ይህ ሕመም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም። ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል፤ ለታመመውም እብጠቱን ያቀልለታል። በወላይታ ዞን ተደርጎ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው ታማሚዎቹ ከዓመቱ የሥራ ቀናቸው 45 ከመቶ የሚሆነውን ያጣሉ። እንግዲህ ኢትዮጵያን ያረሰ እግር ነው ያረሰው አፈር መልሶ ያሳበጠው። እኛም ያንን እግር ከደጀ ሰላም አራቅነው።

ሦስተኛዋ የሚጥል በሽታ ያለባት እኅት ናት። እንጀራ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን ሕመሙ ምጣድ ላይ ሳለች ያዛትና ክንዷ ተቃጠለ። ጎረቤቶቿ «ከእንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪ» አሏት። እርሷ ግን ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር ተማከረች። «እሳቱን ለእርሷ ሰጠኋት፤ ሊጡን እኔ ያዝኩ። እኔ አቦካለሁ፣ እሸጣለሁ፤ እርሷ ትጋግራለች፤ ትርፉን እንካፈላለን። መድኃኒቴንም አላቋርጥም» አለችን። ክንዷ ላይ ጠባሳው አለ፤ ፊቷ ላይ ግን ኀፍረት አላየንም።

ከእነዚህ ሦስቱ የተረዳነው ይህን ነው። የመጀመሪያዋ እናት ሥራቸውን የጤናቸው ማስረጃ አድርገውታል፤ ስለዚህ ሕመማቸውን ሊያዩት አይችሉም። ሁለተኛው አባት ሥራቸውን የሰውነታቸው ማስረጃ አድርገውታል፤ ስለዚህ ሥራው ሲቀር ራሳቸውን ከሰው ቊጥር አወጡ። ሦስተኛዋ ግን ሥራን በዐቅሟ ልክ ቆርጣ ሰፍታ ለበሰችው። እንዲህ ያለውን ጥበብ ያገኘችው ግን ብቻዋን ሆና አይደለም፤ ምጣዱን የምትቀበላት ሰው ስለ ነበረቻት ነው።

መጻጉዕ፤ ሰው ያጣው ሰው

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾምን አራተኛ ሰንበት መጻጉዕ ብላ ሰይማዋለች። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈ ይህ ሰው 38 ዓመት ታሞ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር ተኝቶ ነበር። ጌታችን ወደ እርሱ በቀረበ ጊዜ አስቀድሞ ያደረገው መጠየቅ ነው፤ ሊድን ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ሕመምተኛውን ፈቃዱን ጠየቀው። እኛስ ስንቱን ሕመምተኛ ሳንጠይቅ ፈርደንበታል? በሽተኛውም ሲመልስ ስለ ሕመሙ ጽናት አልተናገረም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደዚያ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። ከ38 ዓመት ሕመም ይልቅ የከበደው ሰው ማጣቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ እንመልከት። ተፈውሶ አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ ያዩት ሰዎች ወዲያው ተቈጡ፤ በሰንበት አልጋ መሸከም አልተፈቀደልህም አሉት። ተኝቶ በነበረበት በዚያ ሁሉ ዓመት ወደ ውኃው ሊያወርደው የመጣ አንድ ሰው አልተገኘም፤ አልጋውን ባነሣበት ቀን ግን የሚቈጣጠረው በዛ። ዛሬም እንዲሁ ነው። ሕመምተኛ ተኝቶ ሳለ የሚጠይቀው የለም፤ አንድ ቀን ብርታት አግኝቶ ጥቂት ቢሠራ ግን «ታምሜያለሁ ሲል አልነበረም? ይኸው ይሠራ የለ!» ይባላል። በማግስቱ ደግሞ ደክሞት ቢቀር «ትናንት ደኅና አልነበር?» ይባላል። እንዲህ ያለው ሕመም አንድ ቀን ይከፋል፣ አንድ ቀን ይሻላል። ቀኑን ሁሉ ለምስክር የሚጠራ ሰው በምን ቀኑ ያርፋል?

ሕመሙን ከኃጢአት የተነሣ ነው የሚሉም አሉ። በዚያው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ግን ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ እንዲህ ብለው ሲጠይቁ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም በድለው እንዳልሆነ ነግሮአቸዋል። ስለዚህ ይህን ፍርድ ለራሳችን አንውሰድ።

ገብር ኄር፤ እንደ ዐቅሙ የተሰጠው

ከመጻጉዕ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስድስተኛው ሰንበት ገብር ኄር ይመጣል። ይህም የሥራ ሰንበት ነው። የመክሊቱን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ይገኛል። ጌታው ለአንዱ 5፣ ለአንዱ 2፣ ለአንዱም 1 ሰጠ። የሰጠውም ለእያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ እንደ ነበር ወንጌላዊው ገልጦ ጽፎታል። እኛ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ዘልለነው እናልፋለን። ደግሞም ቊጥር 21ንና ቊጥር 23ን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የተቀበሉት ምስጋና አንድ ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ጌታው ሁለት ያተረፈውን «ባልንጀራህ አምስት አተረፈ፤ አንተ ለምን አነስክ?» አላለውም። እንዲህ የምንለው እኛ ነን።

አብሮ የሚኖር ሕመም የሚያደርገው ነገር ትናንት አምስት የነበረውን ዐቅም ዛሬ ሁለት ማድረግ ነው። በከፋ ቀንም አንድ ይሆናል። ይህን አምኖ መቀበል ቀላል አይደለም፤ በተለይ ለእኛ ለወጣቶች ኀፍረት ይመስለናል። ነገር ግን መክሊት የሚቀበርባቸው መንገዶች ብዙ መሆናቸውን ልብ እንበል። አንዱ ሕመሙን ደብቆ እንደ ጤነኛ ሲሮጥ ሰውነቱን ይቀብራል፤ አባቶቻችንም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለዋል። ሁለተኛው «ከእንግዲህ ለምንም አልሆንም» ብሎ የቀረችውን አንዷን መክሊት ይቀብራል። ሦስተኛውን ግን የምንፈጽመው እኛ ጤነኞቹ ነን፤ «አንተ ታመሃል፣ ተቀመጥ፤ አንቺ አትችዪም፣ ተዪው» እያልን የሌላውን ሰው መክሊት ከእጁ ነጥቀን እንቀብራለን። ይህ ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውን በቁሙ ከኅብረቱ ማውጣት ነው።

በአራተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያን ትምህርት ቤት ይመራ የነበረው ዲዲሞስ በሕፃንነቱ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበር። በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ማንበብን ተማረ፤ ኋላም የሊቃውንት መምህር ሆነ። በአገራችንም ቢሆን ዓይናቸው የማያይ ስንት የቅኔ መምህራን አሉ! ከየአገሩ የመጣ ተማሪ በዙሪያቸው ተቀምጦ ቅኔ ይነግራቸዋል፤ እነርሱም ያቀናሉ። ማንም «ዓይን የለህምና አታስተምር» አላላቸውም፤ ዓይን ያለውም ተማሪ በትራቸውን ይዞ ይመራቸዋል። እንግዲህ ሥራን በሰው ዐቅም ልክ ማደላደል አዲስ ነገር አይደለም። በጉባኤ ቤት የኖረ ነገር ነው።

«ምንም መሥራት የማይችለውስ?» ትሉን ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የተጻፈው አልዓዛር በባለጠጋው ደጅ በቊስል ተመቶ ከመተኛት በቀር የሠራው ሥራ አልተጻፈለትም። መላእክት ግን ወደ አብርሃም እቅፍ ወሰዱት። የተፈረደበት በደጁ እያለፈ ያላየው ባለጠጋ ነው። የሰው ክብሩ በእግዚአብሔር አርአያ መፈጠሩ ነው፤ በቀን ስንት ብር ያስገባል የሚለው አይደለም።

ሐዋርያው ያለውና ያላለው

ሥራ የማይሠራ መብላት የለበትም የሚለውን የሐዋርያውን ትእዛዝ በሕመምተኛ ላይ የሚጠቅሱ ሰዎች አሉ። እኛም በዚያ ስብሰባ ወንድማችንን ስንገሥጽ ጠቅሰነዋል። ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች የተላከውን ሁለተኛውን መልእክት ምዕራፍ 3 ደግመን ብናነብ ግን ቅዱስ ጳውሎስ የተናገረው መሥራት ስለማይፈልገው ነው፤ መሥራት ስለማይችለው አይደለም። በአለመፈለግና በአለመቻል መካከል ያለውን ልዩነት ያልለየ ሰው ቃሉን እንደ ዱላ ይጠቀምበታል።

ደግሞስ ይህን የጻፈው ማን ነው? በሥጋው መውጊያ የነበረበት፣ ሦስት ጊዜ ለምኖ ያልተወሰደለት ሰው አይደለምን? እርሱ ራሱ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር። ልጁን ጢሞቴዎስን ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለሚያመው ለሆዱ የሚበጀውን እንዲወስድ በመልእክቱ መክሮታል። ጢሞቴዎስ ኤጲስ ቆጶስ ነበር፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀውም። ሐዋርያው ሕመምህን ደብቅ አላለውም፤ ሥራህንም ተው አላለውም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የአፍሮዲጡ ነገር ነው። ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች በተላከው መልእክት ምዕራፍ 2 ተጽፏል። ይህ ሰው ጳውሎስን እንዲያገለግል ከቤተ ክርስቲያን ተልኮ ሄዶ በዚያው ታመመ፤ ለሞትም ቀረበ። ያስጨነቀው ግን መታመሙ ብቻ አልነበረም፤ የላኩት ሰዎች መታመሙን መስማታቸው ነበር። ወንድማችን «እንዳትነግሩብኝ» ሲል የነበረውን ጭንቀት እዚያ አየነው። ጳውሎስም ወደ አገሩ ሲመልሰው «ሥራውን ሳይፈጽም ተመለሰ» ብሎ አልጻፈበትም። በደስታ እንዲቀበሉትና እንዲያከብሩት አዘዘ። ታምሞ የተመለሰን ሠራተኛ በክብር መቀበል እንግዲህ የሐዋርያ ትእዛዝ ነው።

ስለ ጠበልና ስለ መድኃኒት

በሕሙማን ቤት ደጋግመን የሰማነው ሌላ ነገር አለ። «ጠበል ከጀመርኩ መድኃኒቱን ልተው?» ይላሉ። የዚህ መልስ በቤተ ክርስቲያናችን ተሰጥቷል። ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበልንም መድኃኒትንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸውና አይጣሉም ብለዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ከሞት አልጋ ተነሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ! የስኳር ሕመምም እንዲሁ ነው። ኢንሱሊን በ1921 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ከመገኘቱ በፊት እንደ ወንድማችን ያለ ወጣት ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር። ዛሬ ከበሮ ይመታል። ይህን እያየን መድኃኒት ማቋረጥን እምነት ማለት አይገባም። ስለ ጾምም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ ከዐቅሙ በላይ ቀንበር አትጭንም፤ እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይምከር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወንድሞችና እኅቶች! የሚሰማ እንጂ የማያደርግ እንዳንሆን ጥቂት ነገር ተስማምተናል፤ እናንተም ጨምሩበት።

በመጀመሪያ፣ የቀረውንና ያረፈደውን ከመገሠጻችን በፊት ለብቻው እንጠይቀው። የነገረንንም ያለ ፈቃዱ ለሌላ አንናገር። ሕመም የባለቤቱ ምሥጢር ነው።

ሁለተኛ፣ የልምምዱን ሰዓት እራት ከሚበላበት ሰዓት አሳልፈነዋል፤ በዕቃ ማስቀመጫችንም ሳጥን ውስጥ ስኳር አስቀምጠናል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ላብ አጥምቆት፣ ተንቀጥቅጦ፣ ንግግሩ ከተዛባ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ጣፋጭ ነገር ፈጥነን እንስጠው፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳናደርግ ወደ ሕክምና እንውሰደው። የሚጥል በሽታ የያዘውን ሰው ክብሪት አናሽተው፤ በአፉም ምንም አናግባ። የሚጎዳውን ነገር ከአጠገቡ አርቀን በጎኑ እናስተኛው፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየበት ወደ ሐኪም ቤት እናድርሰው።

ሦስተኛ፣ ተቀጥረው ለሚሠሩት መብታቸውን እንንገራቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቊጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ የሚቀጥሉት 2 ወሮች ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት 3 ወሮች ግን ያለ ደመወዝ ነው። በየቤቱ ለራሳቸው ለሚሠሩት፣ እንደ እነዚያ ልብስ ሰፊ እናት ላሉት፣ ይህ አዋጅ አይደርስላቸውም። ለእነርሱ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ ማኅበር ነው፤ እኛ ነን። በሐኪም ቤት ቀጠሮአቸው ቀን ከእኛ አንዱ ቢሄድላቸው፣ ሱቃቸውን ቢጠብቅላቸው፣ መድኃኒታቸውን ቢያመጣላቸው፣ የዚያን ዕለት እንጀራቸው አይጎድልም።

አራተኛ፣ ዝሆኔ የያዛቸውን አባት ልጆቻቸው ፈቅደውልን እግራቸውን በሳሙና አጥበን፣ በልካቸው ጫማ አሠርተን በገብር ኄር ሰንበት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘናቸው መጣን። መጀመሪያ አልፈቀዱም፤ ኋላ ግን መጡ። ከእኛ ጋር በቅጥሩ ውስጥ ተቀመጡ። አሁን በየሳምንቱ የሕፃናት ክፍል ሲወጣ ስለ እርሻና ስለ ዘር ይተርኩላቸዋል። ማሳ አልረገጡም፤ ነገር ግን «የቤት ዕቃ ነኝ» ሲሉ ዳግመኛ አልሰማናቸውም።

የከበሮ መቺውን ወንድማችንን ነገር ሳንነግራችሁ አንጨርስም። አልዳነም፤ መርፌውን ዛሬም ይወጋል። ከብዙ ምክር በኋላ ሕመሙን ለአሠሪው ራሱ ነገረው። አሠሪው አላባረረውም፤ ከብየዳው አንሥቶ ወደ መለካትና ወደ መቊረጥ አዛወረው፤ ደመወዙ ግን ቀነሰ። ይህን የምንጽፈው ነገሩ ሁሉ በቀላሉ የተቃና እንዳይመስላችሁ ነው። እውነትን መናገር ዋጋ አስከፍሎታል። «ተጸጸትክ?» ብለን ስንጠይቀው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ብሩ ይጎድለኛል፤ ነገር ግን መርፌዬን አሁን ተቀምጬ ነው የምወጋው» አለን። ከበሮውንም ከሌላ ወንድም ጋር በተራ ይመታል። ተራው ባልሆነ ጊዜ ከእኛ ጋር ያጨበጭባል።

ለመጻጉዕ ሰው የሆነለት አምላክ እኛንም ለወንድሞቻችን ሰው ያድርገን። ለታመሙት ምሕረትን፣ ለደከሙት ብርታትን፣ ለሥራቸው በረከትን ይስጥልን። እኛ ጤነኞች ነን የምንለውንም ከመፍረድ ይጠብቀን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።